ሽቦ፣ የባትሪ ድንጋይና ካሴት፤ ወሬ ወደ ካርቱም እንዴት ይመጣ ነበር



ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ጨረቃ የወጣውን መንኮራኩር፣ የአቶም ቦምቡን፣ የታላላቅ ፋብሪካዎችን የጢስ ማውጫ እናስባለን። ነገሩ ግን ከዚህ ይልቅ ወደ ቤታችን የቀረበ ነው። አንዲት እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን በስንት ጊዜ ትሰማለች? በሦስት ወር? በሦስት ቀን? በዚያው ሰዓት? ይህን የሚወስነው በዘመኑ ያለው የመገናኛ መሣሪያ ነው፤ ይልቁንም መሣሪያውን በእጁ የያዘውና ሲፈልግ ሊቆርጠው የሚችለው ወገን ነው። ለስደተኛ ሰው ከእንጀራ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ወሬ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ብዙዎቻችን ዕድሜያችንን የፈጀንባትን ካርቱምን ይዘን፣ ወሬ ወደዚያች ከተማ በምን በምን ይገባና ይወጣ እንደ ነበር እናወራለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በኛ አቆጣጠር ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን።

ለመነሻ ያህል ስልክ የሚለውን ቃላችንን እንመልከት። ቃሉን የወሰድነው ከዐረብኛ ነው፤ «ሲልክ» ማለት ሽቦ ማለት ነው። ሱዳኖቹ ራሳቸው መሣሪያውን «ተለፎን» ሲሉት፣ እኛ ግን በነሱ ቋንቋ በሽቦው ስም እንጠራዋለን። ዛሬ በኪሳችን የያዝነውና አንዲት ክር ሽቦ የማይቀጠልበት እንኳ ስልክ ነው።

ሽቦው ወደ ካርቱም የገባው በ1870ዎቹ፣ አገሪቱ በግብፅ እጅ በነበረችበት ዘመን ነው። የቴሌግራፍ አሠራር ቀላል ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየቆራረጡ አጭርና ረጅም ምልክት መላክ፣ በወዲያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ምልክቱን ወደ ፊደል መመለስ ነው። ግመል በሳምንታት የሚያደርሰውን ቃል ሽቦው በደቂቃዎች ያደርሰዋል። በፌብሩዋሪ 1884 ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን ካርቱም ሲገባ ይህ ሽቦ ደህና ነበር፤ ሰውየውም በቀን ብዙ ቴሌግራም ወደ ካይሮ እየላከ አለቆቹን አሰልችቷቸው ነበር ይባላል። የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ወኪል ፍራንክ ፓወርም ከዚያው ከተማ ወሬውን ይልክ ነበር። ለንደን ቁርሱን እየበላ የካርቱምን የትናንት ወሬ ያነብባል ማለት ነው፤ ለዚያ ዘመን ይህ ተአምር ነው።

በማርች 1884 የማህዲ ተከታዮች ከከተማዋ በስተ ሰሜን ሽቦውን ቆረጡት። ለዚህ መድፍም ሆነ ሠራዊት አላስፈለገም፤ ምሰሶና መጥረቢያ የሚያገናኝ ሰው ይበቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ከተማ ከዓለም ተለየች። በከተማዋ ውስጥ ቤተ መንግሥቱን ከምሽጎቹ የሚያገናኘው ሽቦ አልተቆረጠም ነበርና፣ ጎርደን በዕለት ማስታወሻው ውስጥ ሌሊት ስለሚያንቀላፉበት የቴሌግራፍ ጸሐፊዎች ያማርር ነበር። ነገር ግን የውጪው ሽቦ ከሌለ የውስጡ ምን ይረባል? ወሬ እንደ ጥንቱ በሰው እግርና በልብስ ስፌት ውስጥ ተደብቆ መሄድ ጀመረ። በዲሴምበር 14 ቀን 1884 ጎርደን የቴምብር ያህል በምታክል ቁራጭ ወረቀት ላይ ካርቱም ደህና መሆንዋን ጽፎ በመልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው በቃሉ እንዲናገር የታዘዘው ግን ምግብ እያለቀ መሆኑን፣ ቶሎ እንዲደርሱላቸውም ነበር። ወረቀቷ በጠላት እጅ ብትወድቅ ውሸት ትናገራለች፤ እውነቱ ያለው በሰውየው አፍ ነው። በስደት ሆነን ወደ አገር ቤት ደብዳቤ የጻፍን ሰዎች ይህን ዘዴ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ መጻፍ፣ የቀረውን ደብዳቤውን ለያዘው ሰው መንገር።

ለእርዳታ የተላከው የእንግሊዝ ጦር መተማ ደርሶ፣ ከዚያ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ገሠገሠ። (ይህች መተማ በናይል ዳር ያለችው የሱዳን መተማ ናት። አፄ ዮሐንስ በ1889 የወደቁባት የኛዋ መተማ ሌላ ናት፤ ከኛዋ መተማ ሽቦ አልነበረምና የንጉሡ ሞት ወሬ ወደ ሸዋ የሄደው በእግረኛና በፈረሰኛ ነበር።) ጀልባዎቹ ካርቱም አጠገብ የደረሱት ጃንዋሪ 28 ቀን 1885 ነው። ከተማዋ ግን ከሁለት ቀን በፊት ወድቃ፣ ጎርደንም ተገድሏል። ሽቦው ቢኖር ኖሮ ጦሩ ቶሎ ይደርስ ነበር ወይ? ይህን ለታሪክ ሊቃውንት እንተወው። የእንግሊዝ መንግሥት ውሳኔውን ያዘገየው ሽቦው ደህና በነበረበት ጊዜ ጭምር ነውና፣ ወሬ መስማትና በወሬው መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኛ አገር የሽቦው አጀማመር ይታወቃል፤ በአጭሩ እንለፈው። ራስ መኰንን በ1889 ወደ ኢጣሊያ ሄደው ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደ መጡ፣ በቤተ መንግሥት ሲሞከርም አንዳንድ ካህናት ሰው ሳይታይ የሚናገረውን ድምፅ የሰይጣን ነው እንዳሉ ሲነገር እንሰማለን። እኛ በነዚያ ካህናት ብዙም አንስቅም። ሰው ሳይታይ የሚናገር ድምፅ ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ይዞ እንደሚመጣ ኋላ በደንብ አየነው።

አሁን ወደ 1940 እንዝለል። በዚያ ዓመት ካርቱም የሐበሻ የስደት ከተማ ነበረች። ጁን 1940 ላይ ኢጣሊያ ጦርነት ስታውጅ እንግሊዞች አፄ ኃይለ ሥላሴን ከእንግሊዝ አገር ወደ ሱዳን አመጡዋቸው፤ ንጉሡም እስከ ጃንዋሪ 1941 ድረስ በካርቱም አካባቢ ተቀምጠው፣ በዚያው ወር 20 ቀን ኡም ኢድላ በተባለው ሥፍራ ወደ አገራቸው ገቡ። በመካከሉ ባሉት ወራት ምን ተሠራ ቢባል፣ ከጠመንጃው እኩል ወረቀት ተሠራ። የፕሮፓጋንዳውን ክፍል የሚመራው ጆርጅ ስቲር ነበር። ይህ ሰው የጣልያንን ወረራ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለ«ታይምስ» የዘገበ፣ ኋላም በስፔን የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያስታወቀ ጋዜጠኛ ነው። የንጉሡ አዋጅ በአማርኛ ታትሞ፣ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ተደርጎበት፣ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ላይ ተበተነ። «ባንዲራችን» የተባለችው የአማርኛ ጋዜጣም ታትማ የወጣችው በዚያው በካርቱም ነው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን የያዝከውን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ስታይ፣ በሱዳን ምድር አማርኛ በወረቀት ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው እንዳልሆነ እወቅ። እነሱ ማተሚያና አውሮፕላን ነበራቸው፤ እኛ ያለን ካርቦን ወረቀትና የጥቂት ልጆች መልካም የእጅ ጽሕፈት ነው።

በዚያው ዓመት፣ ጦርነቱ ያስቸገራቸው እንግሊዞች በኡምዱርማን የራዲዮ ጣቢያ ከፈቱ። መጀመሪያ ላይ ከኡምዱርማን ፖስታ ቤት ክፍል ሆኖ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር የሚናገረው። ራዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበር በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። የጦርነት ወሬ ለማሰማት የተከፈተው ጣቢያ ግን ከጦርነቱ ወሬ ይልቅ በዘፈኑ ገነነ። «ሁና ኡምዱርማን» የሚለው ጥሪ ድንበር ተሻግሮ ጎንደርም አሥመራም ደረሰ። የሱዳን ዜማ እንደኛው በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለጆሮአችን እንግዳ አልነበረም፤ የመሐመድ ወርዲን ዘፈን ዐረብኛ የማያውቅ ሐበሻ ቃሉን ሳይረዳ ያንጎራጉረው ነበር። ሳይንስ ያመጣው ነገር ሁሉ ሠሪው ባሰበው መንገድ ብቻ እንደማይሄድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ይሁን እንጂ ራዲዮ የተራው ሰው የሆነው ኋላ ነው። የጥንቱ ራዲዮ አምፖል በመሰሉ ቫልቮች የሚሠራ፣ የሣጥን ያህል የሚከብድ፣ የመብራት መሥመር ወይም ትልቅ ባትሪ የሚፈልግ የሀብታም ዕቃ ነበር። በዲሴምበር 1947 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሳይንቲስቶች ባርዲን፣ ብራቴንና ሾክሊ ትራንዚስተርን ሠሩ። የቫልቩን ሥራ የጥፍር ያህል የምታክል ነገር፣ እጅግ ባነሰ ኤሌክትሪክ ሠራችው። በ1954 የመጀመሪያው የኪስ ትራንዚስተር ራዲዮ ለገበያ ወጣ፤ ጃፓኖችም ወዲያው ተከተሉና ዋጋው እየወረደ ሄደ። ሦስቱ ሳይንቲስቶች በ1956 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በዴም ሰፈር አንገሬብ ላይ ጋደም ብሎ የአገሩን ወሬ ይሰማ የነበረ ሐበሻ የሦስቱንም ስም አያውቅም፤ ባለዕዳቸው ግን ነው።

የራዲዮው ነፍስ ደግሞ ባትሪው ነው። እኛ የባትሪ ድንጋይ እንለዋለን። የሚገርመው ሱዳኖቹም «ሐጀር» ይሉታል፤ ያው ድንጋይ ማለት ነው። ሁለት ሕዝብ ሳይመካከር አንድ ስም አወጣ። በውስጡ ያለው ግን ድንጋይ አይደለም። ውጪው የዚንክ ቆርቆሮ፣ መካከሉ የከሰል ዘንግ፣ በዙሪያው ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ዱቄት ነው። ዚንኩ ቀስ በቀስ እየተበላ ኤሌክትሪኩን ይሰጣል። ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና የምንከትተው ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቁ ልጆች አሉ። ሙቀት በውስጡ ያለውን የኬሚካል ሥራ ስለሚያፋጥነው ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል፤ ዚንኩ ከተበላ በኋላ ግን የካርቱም ፀሐይም አታድነውም። ጥቁሩን ዱቄት በአገር ቤት መምህራን የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይቀቡበት ነበር። በባዶ እጅ ባይነካ ይሻላል።

ሌላው ጥያቄ ራዲዮው ለምን ሲመሽ ይጠራል የሚለው ነው። ከምድር በላይ ከስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ አዮኖስፌር የሚባል፣ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ያዘለ የአየር ሽፋን አለ። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ሲላክ ይህ ሽፋን እንደ መስተዋት መልሶ ወደ ምድር ይጥለዋል። ከኮሎኝ ወይም ከዋሽንግተን የተነሣው ድምፅ ካርቱም ይደርስ የነበረው እንዲህ በሰማይና በምድር መካከል እየነጠረ ነው። ቀን ቀን የሽፋኑ የታችኛው ክፍል አንዳንዱን ሞገድ ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ የታችኛው ክፍል ይጠፋና መንገዱ ይከፈታል። ጣቢያዎቹም ለዚህ ነው በቀንና በሌሊት ሜትራቸውን የሚቀያይሩት።

የራዲዮው ዘመን ለኛ ትውልድ ክፉም ደግም ነበር። የንጉሡ መውረድ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የተሰማው በራዲዮ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የስልሳዎቹ መገደልም የተነገረው በራዲዮ ነው። የመንግሥት ጣቢያ የሚናገረውን የማያምን ሰው ሌላ ሞገድ መፈለግ ጀመረ። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ መናገር የጀመረው በማርች 1965 ነበር፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 ተከተለ። አዲስ አበባ ላይ በ1963 የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል በ1977 በደርግ ተወርሶ ድምፁ ተለወጠ። ከኤርትራ ሳሕል የሻዕቢያ ጣቢያ በ1979 ተነሣ፤ ኋላም የወያኔ ጣቢያ መጣ።

እንግዲህ በካርቱም ስደተኛው ተሰብስቦ በሚኖርባቸው ሰፈሮች፣ በዴም፣ በሰሐፋ፣ በጅሬፍ፣ ማታ ማታ የነበረውን ሁኔታ የዛሬ ልጆች ይሰሙት ዘንድ እንጻፈው። በአንድ ግቢ አንድ ራዲዮ ይኖራል። አሥርና አሥራ አምስት ሰው ይከብበዋል። ኢሕአፓውም፣ ኢዲዩውም፣ የማንም ያልሆነውም አለ። ቁልፉን የያዘው ሰው ትልቅ ሥልጣን አለው፤ የትኛው ጣቢያ ይሰማ በሚለው ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል። ዜናው ሲጀመር ግን ዝም ጭጭ ነው። ሕፃን ቢያለቅስ እናትየው ይዛው ትወጣለች። የአንድ ወረዳ ስም በተጠራ ቁጥር የዚያ አገር ልጅ ፊቱ ሲለወጥ ሁሉም ያያል። ዜናው ካለቀ በኋላ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ትንታኔ ነው፤ ጀበናው ሁለት ሦስት ጊዜ ይጣዳል። ራዲዮው ስለ አገር እንጂ ስለ ቤት አይናገርም። የከተማ መያዝ ይነግርሃል፤ እናትህ ከዚያ ከተማ ወጥታ እንደ ሆነ አይነግርህም። መልሰህም አትጠይቀውም።

ያንን ክፍተት የሞላው ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ካሴቱን ለሕዝብ ያሳየው በ1963 በርሊን ላይ ነው። ሥራውን የመራው መሐንዲስ ሉ ኦተንስ በኪስ የሚገባ ነገር ፈልጎ፣ መጠኑን በእንጨት ቁራጭ ቀርጾ በኮቱ ኪስ ይለካ ነበር ይባላል። ዘዴው ይህ ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ክር ላይ የብረት ዝገት ዱቄት ይቀባል፤ ድምፃችን ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ያን ዱቄት እንደ ማግኔት በየአቅጣጫው ያሰልፈዋል፤ ክሩ እንደገና ሲያልፍ ሰልፉ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። በስልሳ ደቂቃ ካሴት ውስጥ የተጠቀለለው ክር ዘጠና ሜትር ገደማ ነው። ዘጠና ሜትር የእናት ድምፅ።

ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤ ሲያስጽፍ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ጸሐፊው «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብሎ ይጀምርና በዚያው ይጨርሰዋል፤ የጎረቤት ተማሪ ፊት የቤት ምሥጢር አይዘረገፍም። ካሴት ግን ጸሐፊ አይፈልግም። እናት ሣጥኑ ፊት ተቀምጣ መጀመሪያ ታፍራለች፣ «አሁን ይሰማኛል?» ትላለች፣ ኋላ ሰው እንደሌለ ስታውቅ ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ ትቆጣለችም። ዶሮውም፣ የጎረቤቱ ውሻም፣ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደወልም አብሮ ይቀዳል። በገላባት በኩል በሚመላለሱ ነጋዴዎችና ሾፌሮች እጅ እየዞረ፣ ላዩ ላይ የዘፋኝ ሥዕል ተለጥፎበት ካርቱም ይገባል። ኬላ ላይ ቢፈተሽ መጀመሪያው ዘፈን ነው፤ እናትየዋ የምትገኘው ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ነው። ሰምተን የማናውቀው ሰው ድምፅ እየሰማን አብረን ያለቀስንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካሴቱም የራሱ ጠላት አለው። የካርቱም ሐቡብ ሲነሣ አቧራው የማይገባበት የለም፤ የማጫወቻው ራስ ላይ ሲጋገር ድምፁ ይታፈናል። በጥጥና በአልኮል መጥረግ፣ አልኮል ከታጣ በሽቶ። የባትሪ ድንጋይ ለመቆጠብ ደግሞ ክሩን ለመመለስ ማሽኑን አናሠራም፤ ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ካሴቱን በአየር ላይ ማሽከርከር ነው። ይህን ሥራ ለሕፃናት እንሰጥ ነበር፣ እነሱም ይሻሙበታል። ክሩ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም የሚያጣብቁ ባለሙያዎች ነበሩን። ከተጣበቀው ላይ አንድ ቃል ይጎድላል፤ ምን እንደ ነበር ስንገምት እንከርማለን።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ ያ የ1884 መጥረቢያ መልኩን ለውጦ እንደገና መምጣቱን እናያለን። ራዲዮን መቁረጥ ባይቻልም ማወክ ይቻላል። በዚያው ሞገድ ላይ ጩኸት መልቀቅ ነው፤ ሰሚው የሚሰማው የወንፊት ድምፅ ብቻ ይሆናል። በማርች 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን ዝግጅት እንዲደረግ መፍቀዳቸውን በይፋ ተናግረዋል። ራዲዮ አዋቂዎቻችን ግን ሜትሩን ትንሽ ወደ ጎን እየገፉ ከጩኸቱ ሥር ቃል ይለቅሙ ነበር።

ሞባይሉ ግን ወደ ሽቦው ዘመን መለሰን። ይህን ስንል በረከቱን ክደን አይደለም። ሦስት ወር ይወስድ የነበረውን ድምፅ በሴኮንድ አደረገው፤ ከሜልቦርን እስከ ጎንደር ያለውን ዘመድ በአንድ ማታ ያገናኛል። ነገር ግን ሁሉ ነገር በጥቂት ሕንፃዎች ውስጥ ባሉ መሣሪያዎች በኩል ያልፋል፤ ሕንፃውን የያዘ ሁሉንም ይዟል። በጁን 2019 በካርቱም ሠራዊቱ ደጅ ተቀምጠው የነበሩ ወጣቶች ከተገደሉ በኋላ ኢንተርኔቱ ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ። በኖቬምበር 2020 ትግራይ ላይ ስልኩ ሲቆረጥ፣ ተከዜን ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡት ወገኖቻችን ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ተቀመጡ። ስልካቸው በእጃቸው ነበር። ቻርጅ አድርገው በየቀኑ ይሞክሩት ነበር።

አፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ ብዙዎቻችን ከተማዋን ለቀን በወጣንበት ሰሞን፣ ማን በየት እንደ ወጣ የምንጠያየቀው በስልክ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ያም ተቋረጠ፤ በካርቱም ያሉት የመገናኛ ማዕከሎች በተዋጊዎች እጅ ስለ ወደቁ አብዛኛው ሱዳን ስልክም ኢንተርኔትም አጣ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ስታርሊንክ የተባለው፣ ከሳተላይት የሚቀበል ሰሐን ያለው ሰው በሰዓት እያስከፈለ ሰውን ማገናኘት ጀመረ። ሰልፉን ያየ ሰው የጥንቱን የአንድ ግቢ አንድ ራዲዮ ያስታውሳል፤ የአሁኑ ግን ጀበና የለውም፣ ሰዓቱ እየተቆጠረ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የቢቢሲ የዐረብኛ ራዲዮ ከሰማንያ አምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ሰው አሁን ሁሉን በኢንተርኔት ይሰማል ተብሎ በጃንዋሪ 2023 ተዘጋ። ጦርነቱ የጀመረው በሦስተኛው ወር ነው። በሜይ 2023 ያው ድርጅት ለሱዳን ብቻ አስቸኳይ ሥርጭት ከፈተ፤ በምን ቢሉ፣ በአጭር ሞገድ። በማርች 2025 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞቹ ከሥራ እንዲቀሩ ተደርጎ የአማርኛው ድምፅ ጠፋ። በዚያ ሳምንት ሽማግሌዎቻችን በተለመደው ሰዓት ራዲዮውን ከፍተው ሹሹታውን እየሰሙ ቁልፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞሩ አይተናል። የባትሪ ድንጋዩ ያረጀ መስሏቸው ነበር።

ማሳሰቢያ። ከካርቱም ሲወጡ የድሮ የድምፅ ደብዳቤ ካሴት ይዘው የወጡ ሰዎች በሠፈራችን መኖራቸውን ሰምተናል። ካሴት በሙቀት ይጣመማል፣ ለብዙ ዓመት ሳይሽከረከር ከቆየም ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከጣራ ቆርቆሮ አርቃችሁ መሬት አጠገብ አስቀምጡት፤ በእስክሪብቶ ቀስ አድርጋችሁ ወደፊትና ወደ ኋላ አንዳንዴ አዙሩት። የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ሰውም ካለ ለዝግጅት ክፍላችን ያስታውቅ። ባለቤቱ ከፈቀደ፣ የቤት ምሥጢሩን ትተን፣ የሚጻፈውን በሚቀጥለው እትም በጽሑፍ እናወጣለን።